ለትንሽ መኪና ከባድ ብረት

ሾፌሩ እህቱን መኪና ስታጥብ አይቷት አያውቅም። ትንሿ ፒክአፕ ከተገዛች ስድስት ዓመቷ ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ እህቱ ከዚያች መኪና ጋር የነበራት ግንኙነት አቧራ ያለበትን በር በሁለት ጣቷ ከፍታ መግባትና «ቀስ በል» ማለት ብቻ ነበር። ዛሬ ሰኞ ግን ገና ሳይነጋጋ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከሰርቪስ ክፍሉ ብቅ ሲል፣ የሌሊት ልብሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ባልዲ አጠገቧ አስቀምጣ የመኪናዋን አፍንጫ በልብስ ሳሙና ስትፈትግ አገኛት። የምትፈትገውም እንደ መኪና አልነበረም፤ ወጥ አርሮበት የተጣበቀ ድስት እንደያዘች ሴት ጥርሷን ነክሳ ነው። «ተይው እንጂ እታለም፣ እኔ አጥበው የለ?» አላት። ቀና ሳትል «ቁርስህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ግባና ብላ» አለችው። ጠጋ ብሎ ሲያይ የፊተኛው ፓራውልት፣ ያ ስስ የፕላስቲክ መከላከያ፣ በቀኝ በኩል ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። የቀኙ መብራት ረግፏል። ኮፈኑ ላይ ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን የሚያህል ስርጉዳት አለ።

ሳሎን የእህቱ ባል ስኳሩ ድሮ የሟሟ ሻዩን በማንኪያ እያማሰለ ተቀምጧል። ቧንቧና ቀለም የሚሸጥ ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር። ሾፌሩ ገና ወንበር ሳይስብ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ጥጃ ነው» አለ። «ትናንት አመሻሹ ላይ፣ ከከተማ መውጫው ጋ። ዘሎ ገባብኝ።»

«አንተ ተረፍክ ጋሼ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ።»

ሾፌሩ ዓይኑን ዳቦው ላይ ጣለ። ጋሼ ዓይኑን ከታከመ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም፤ ይህን ቤተሰቡም የሱቁ ሠራተኞችም ያውቃሉ። ሾፌሩ ከዚያ ያለፈም ያውቃል። ትናንት እሁድ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር ጓደኛው ቤት ኳስ እያየ ሳለ የእህቱ ልጅ ሚጡ ደውላ «አጎቴ፣ ጓደኛዬን መናኸሪያ ላድርሳትና በግማሽ ሰዓት ልመልሳት» ብላ ለምናዋለች፤ እሱም ቁልፉ ከፍራሹ ሥር እንዳለ ነግሯታል። ሚጡ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ለመሥራት የምታጠናው ትምህርት ሊያልቅ አራት ወር ቀርቷታል። ከሱቁ መጋዘን ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከአባቷ ተደብቀው፣ መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። መንጃ ፈቃድ የላትም። እንግዲህ ጥጃ መታች፤ አባቷ ደርሶበት ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደ፤ የቁልፉንም ነገር ቢያውቅ እንኳ አላነሳበትም። ሾፌሩ ዳቦውን እየቆረሰ ጋሼን በልቡ አመሰገነው። እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኑን ሳላውቅ ከሃያ ዓመት በላይ አብሬው ኖርኩ ብሎም አፈረ።

«ዛሬ ሱቅ አትመጣም» አለ ጋሼ። «የብረት ፓራውልት ፈልገህ ታስገጥማለህ። ገጠር ለገጠር የሚከርሙት መኪናዎች የሚያደርጉትን፣ ወፍራሙን። መብራቱን ሳይቀር የሚከልል ይሁን። ዛሬውኑ ተገጥሞ ይደር።»

«ለዚች? ጋሼ፣ እሱ እኮ ለትልልቆቹ ነው። የፕላስቲኩ በሩብ ዋጋ—»

«የፕላስቲኩን አልኩህ? ጋራዥ ደግሞ እንዳትወስዳት። አንድ በያጅ ፈልግ።»

እህቱ እጇ እንደራሰ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «አሮጌውን ጣለው» አለች። «ራቅ አድርገህ ጣለው።» ሾፌሩ ወደ ጓዳ ሲያልፍ የሚጡ በር ተዘግቶ፣ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ያልተነካ ዳቦና ቆዳ ያበጀ ሻይ በትሪ ተቀምጦ አየ። በጣቱ ጫፍ ቆርቆር አደረገው። አልጋ ሲጢጥ አለ እንጂ መልስ የለም። እህቱ ከኋላው ደርሳ በእሱና በበሩ መካከል ገባች። «አሟታል፤ ተዋት» አለችው፤ ዓይኑን ግን አላየችውም።

የመለዋወጫ ሰፈር ሦስት ሰዓት ላይ ሞልቶ ነበር። መንገዱ በግራም በቀኝም ሱቅ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ሆዱን ወደ አስፋልቱ ዘርግፏል፤ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ የበር እጀታ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ መስታወት። ሾፌሩ አንድ ዓይን የቀራትን መኪና ጥግ አስይዞ በእግሩ ዞረ። የመጀመሪያው ባለሱቅ የብረት ፓራውልት ሲባል ፊቱ በራ፣ ለየትኛዋ መኪና እንደሆነ ሲያይ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ለዚች ሚዳቋ የዝሆን ጥርስ ልትተክልላት ነው? ይሄን ብታስርባት አፍንጫዋን ደፍታ መሬት ትስማለች።» ሁለተኛው ለሷ ልክ የተሠራ አለ፣ አርባ ስምንት ሺህ፣ በትዕዛዝ፣ ሁለት ወር ጠብቅ አለው። ሦስተኛው የትልቁን አውጥቶ በሜትር ለካው፤ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ክንድ ይተርፋል። አራተኛው ጋ አንድ ደላላ ተለጠፈበትና ከሱቅ ሱቅ እየጎተተ አዞረው፤ በመጨረሻ ያመጣለት ከሌላ መኪና የተነቀለ፣ ዝገቱ በአዲስ ጥቁር ቀለም የተሸፈነ ብረት ነበር። ሾፌሩ በቁልፉ ጫፍ ቢጭረው እንደ ብስኩት ፈረፈረ። «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብሎ ትቶት ሄደ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖ ግማሽ ቀኑ አለቀ። ጋሼ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ሦስቴም የጠየቀው ያንኑ ነው፤ «ተገኘ?» ለአንድ ጥጃ እንዲህ መቸኮሉ ሾፌሩን አልገረመውም ማለት አይቻልም። ግን ሰው ስለ ልጁ ሲሆን ይቸኩላል አለና ተወው።

ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰዎች ወደ ብረቷ ላኩት። ብረቷ የሚሏት ስልሳ ዓመት የሚሆናት፣ የወንድ ሹራብ የምትለብስ፣ የተገጩ መኪናዎችን እየገዛች አካላቸውን የምትቸረችር ሴት ናት። ግቢዋ ውስጥ ፓራውልቶቹ ግንቡን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ላይ የድሮ ባለቤቱ የለጠፈው ጌጥ ገና አልተነሳም። የሚፈልገውን ነገራት። «አንድ አለኝ» አለች፤ «ከማዕድን ቁፋሮ የመጣ ነው። ትንሽ ይቆረጥ እንደሆነ እንጂ ይሆናታል። ቆይ መኪናዋን ልያት።» ወጥታ የፒክአፗ ፊት ቆመች። ዝቅ ብላ ፓራውልቱን፣ ቀና ብላ ኮፈኑን አየች። እጇን አውጥታ ስርጉዳቱ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ምን መታ?»

«ጥጃ።»

«ጥጃ አራት እግር አለው ልጄ» አለች ረጋ ብላ። «ጥጃ የመታች መኪና ታችዋ ነው የሚጎዳው። ኮፈን ላይ የሚወጣ ቆሞ የሚሄድ ነገር ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የተገጨ መኪና ስገዛ ኖሬ ይሄ አይጠፋኝም።»

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ስርጉዳቱን እንደገና አየው። ሴትዮዋ ግን ጥያቄ አልጨመረችም፤ እጇን በሹራቧ ጠረገችና ወደ ግቢዋ ተመለሰች። «ብረቱን እሸጥልሃለሁ። እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ደረሰኝ ግን እጽፋለሁ፤ የታርጋ ቁጥሯም ይገባበታል» አለች መኪናዋን እያየች። ሠላሳ አንድ ሺህ አለችው። ከዚያ ሳይወጣ «ይቅርብኝ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ስለ ደረሰኙም አልተከራከረም፤ ብረቱን ከሁለት ጫኝ ጋር ተሸክሞ መኪናዋ ጀርባ ላይ ጣለው፤ ሲወድቅ ፒክአፗ እንደተመታች እንስሳ ወገቧን ሰበቀች።

በያጁ መነጽር ይባላል፤ ሲበይድ የብየዳ ጭንብል ሳይሆን ጥቁር የፀሐይ መነጽር ስለሚያደርግ ነው። ሱቁ የሚባለው ሁለት ግንብ መካከል የተዘረጋ ቆርቆሮ ነው። ወሬና ሥራ አንድ ላይ የሚያስኬድ ሰው ስለሆነ ብሎኖቹን እየፈታ ስለ ብረት መወደድ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ቤት አከራዩ ቁጣ አወራ። አሮጌው ፓራውልት ሲላቀቅ ከኋላው የሆነ ነገር ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። በያጁ አነሳው። የሰው ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ የተሰበረ፣ ከመኪና ጎማ በተቀደደ ላስቲክ ተጠፍሮ የታሰረ የመጥረጊያ ጭራሮ ነበር። ሙቅ ውሃውና ሳሙናው እዚያ ድረስ አልደረሰም።

«ምን ነበር ያልከኝ? ጥጃ?» አለ መነጽር እየሳቀ። «ይሄ ጥጃ መንገድ ይጠርግ ነበር እንዴ?» ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ከብየዳው ብዛት ቀልቶ እንባ ያቀረረ ይመስላል። «ትናንት አመሻሹ ላይ አደባባዩ ጋ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ገጭቶ ያመለጠ አለ። ጠዋት ሻይ ቤት ሰው ሁሉ ይሄን ሲያወራ ነበር።» ጭራሮውን ሾፌሩ እጅ ላይ አስቀመጠለት። «አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«አምንሃለሁ። አንተ ብትሆን መኪናዋን ይዘህ በጠራራ ፀሐይ ገበያ ለገበያ አትዞርም ነበር። የላከህ ሰው አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆንብህ ወንድሜ።» ማሽኑን አጠፋው። «ልግጠመው ካልክ ሌላ በያጅ ፈልግ። እኔ ልጆች አሉኝ።»

ሾፌሩ ግንቡን ተደግፎ እህቱ ዘንድ ደወለ። «ጥጃ አይደለም» አላት ሰላም ሳይል። ከበስተጀርባዋ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማል፤ አሁንም የሆነ ነገር እያጠበች ነው። «ቁልፉን ማን ሰጣት?» አለች።

«እኔ።»

«እንግዲያውስ እኔን አትጠይቀኝ።» ውሃው ተዘጋ። ድምጿ ለሰሰ፤ ልጅ ሳለ ትኩሳት ሲይዘው የምታናግረው ድምፅ ሆነ። «ስማኝ ወንድም ዓለም። አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ። መሽቶብኝ ነበር፣ ፍሬኑ እምቢ አለኝ ብትል አደጋ ነው፤ አደጋ ማንም ላይ ይደርሳል፤ ጠበቃ እንይዝልሃለን። እሷ ግን ያለ ፈቃድ ነድታ፣ የገጨቻትን ጥላት ሄዳ… አለቀላት ማለት ነው። ደግሞ ማንም አይመጣም። ይሄን የምትለው ከመጣ ብቻ ነው። አንተ ብቻ ብረቱን አስገጥመህ ና።»

«የተገጨችዋስ እንዴት ሆነች?»

«እኔ ምን አውቄ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

መኪናዋን ፊቷ እንደተገፈፈ ነዳት። ሁለቱን ፓራውልቶች፣ የተሰበረውንና አዲሱን፣ ጎን ለጎን ጭኗል። አደባባዩ አጠገብ ካለ ቅያስ ውስጥ አቆማትና በእግሩ ሄደ። ብርቱካናማ ሰደርያ ያደረጉ ሦስት ሴቶች የመንገዱን ዳር ይጠርጋሉ። ከመካከላቸው ጠና ያለችውን ትናንት እዚህ አደጋ ደርሶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ተደገፈች። ሰው የሚጠይቃት ስታጣ የዋለች ትመስላለች፤ አንዴ ከጀመረች አላቆመችም። ጓደኛቸው ሥራ ጨርሳ ወደ ቤቷ ልትሻገር ስትል ነው የተመታችው፤ መጥረጊያውን ሰው እንዳይሰርቃት ይዛው ትሄዳለች፣ በራሷ የገዛችው ነውና። መኪናዋ ትንሽ ቆመች አሉ፤ በሩም ተከፈተ አሉ፤ ከዚያ ተዘግቶ ሄደች። ሌሎቹ መኪናዎች መንገድ ላይ የወደቀ ዕቃ እንደሚያልፉ ዙሪያዋን እየዞሩ አለፉ። አንድ የዳቦ ማመላለሻ ቆሞ እስኪያነሳት አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛች። «ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን አለን። ሊነጋ ሲል አረፈች። ሁለት ልጆች አሏት። አለቃችን ጠዋት መጣና የሷን መንገድ ለሦስት ተካፈሉት፣ ሌላ ሰው እስኪቀጠር አለ። ይኸው ተካፍለን እየጠረግን ነው።» ከዚያ ትኩር ብላ አየችው። «ዘመዷ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ ሾፌሩ። በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ አይደለሁም ማለቱ ነበር። ሁለቱም እውነት ሆነው ሳለ ምላሱን አመረሩት።

ቤት ሲደርስ የሱቁ ሰዓት አላበቃም፤ ጋሼ ግን ሳሎን ነበር፤ ጆሮው ላይ ስልክ ለጥፎ «ጠበቃው በነገው ዕለት—» ሲል ሾፌሩን አይቶ ስልኩን ዘጋ። በመስኮት ወደ መኪናዋ ተመለከተ። «ምነው አልተገጠመም?» ሾፌሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ የሚጡን በር ሳያንኳኳ ከፈተው። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ክፍሉ የታመመ ሰው ይሸታል። ሚጡ ትናንት የወጣችበትን ልብስ እንደለበሰች አልጋው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈራ እንዲህ ነው የምትቀመጠው።

«አጎቴ፣ ደህና ናት አይደል?» አለችው ቀድማ። «አባዬ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት፣ እግሯን ብቻ ነው ብሎኛል።»

«አረፈች ሚጡ። ዛሬ ሊነጋ ሲል።»

ሚጡ አላለቀሰችም። አፏ ተከፍቶ ቀረ፤ ዓይኖቿ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲፈልጉ ቆዩ። ከዚያ በጣም በቀጭኑ፣ «አንተ ግን እሺ ብለሃል አይደል?» አለች። «እማዬ ነግራኛለች። አጎትሽ እሺ ብሏል፣ አታስቢ ብላኛለች።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

ጠዋት። እሱ ጠረጴዛው ላይ ዳቦውን እየቆረሰ ጋሼን ሲያመሰግን፣ እዚህ በር ውስጥ ጥፋቱ በሱ ላይ ተላክኮ አልቆ ነበር። ያም ቢሆን የበለጠ ያቆሰለው የትልልቆቹ ተንኮል አይደለም፤ የልጅቷ ፊት ነው። በእጁ ያሳደጋት፣ መሪ ያስያዛት ልጅ፣ ሰው መሞቱን በሰማች በደቂቃዋ የጠየቀችው የሱን እሺታ ነው። ያዘነ ሳይሆን በሱ ተስፋ ያደረገ ዓይን ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ነይ አብረን እንሂድ» አላት። «ቁልፉን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ የኔን እኔ እናገራለሁ። አንቺም የሆነውን ተናገሪ። በሩን እንደከፈትሽ፣ እንዳየሻት፣ እንደፈራሽ። አጠገብሽ እሆናለሁ።»

ሚጡ ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ሳበችና ተከናነበች። ከዚያ በኋላ ምንም ቢላት አልገለጠችውም።

እህቱ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው። እንደፈራው አልጮኸችም። እግሩ ሥር ቁጭ አለችና ሁለት እጇን ጫማው ላይ ጣለች። «አሳድጌሃለሁ» አለች። «እናታችን ስትሞት አራት ዓመትህ ነበር። ትምህርቴን ትቼ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩህ። አንድ ቀን ውለታ ቆጥሬብህ አውቃለሁ? ዛሬ ነው የምቆጥረው። ዛሬ ብቻ።»

«አውቃለሁ እታለም።»

«ካወቅክ እሺ በለኝ።»

ጎንበስ ብሎ እጇን ከጫማው ላይ ቀስ አድርጎ አነሳው። እጇ ከጠዋት ጀምሮ ውሃና ሳሙና ውስጥ ውሎ ተጨማዶ ነበር። ጋሼ ከኋላው «ይሄን ደጃፍ ከወጣህ ተመልሰህ አትገባም» አለ። ሾፌሩ ሰርቪስ ክፍሉ ገብቶ ጃኬቱን ብቻ ወሰደ።

እስከ ፖሊስ ጣቢያው ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። ሁለቱም መልሶች አፉ ውስጥ ነበሩ፤ ማን ነዳት ሲሉት እኔ ለማለትም፣ እሷ ለማለትም እኩል ዝግጁ ነበር። እህቱ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። አዝላዋለች፤ አብልታዋለች፤ ሥራም ያስገባችው እሷ ናት። ቢቀበል እሱን የሚጠብቅ ሚስትም ልጅም የለም። መኪናዋን ጣቢያው በር ላይ አቁሞ፣ የተሰበረውን ፓራውልት በብብቱ፣ ጭራሮውን በእጁ ይዞ ገባ። ጠረጴዛው ጀርባ ያለው ፖሊስ መዝገቡን እያገላበጠ ጉዳዩን ሰማ፤ ሌላ ፖሊስ ጠራ፤ ወጥተው መኪናዋን አይተው ተመለሱ። «ማን ነበር ሲነዳ?» አለው። ሾፌሩ አፉን ሲከፍት የወጣው እውነቱ ነበር። ጀግንነት አልነበረም፤ ያን ውሸት ተሸክሞ ለመኖር አቅም ማጣት ነበር። «የእህቴ ልጅ ናት» አለ። «መንጃ ፈቃድ የላትም። አውቄ ቁልፉን የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሚጡን አመጧት። በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ ጫማዋን ያለ ካልሲ አድርጋ አለፈች፤ አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጠውን አጎቷን ያየችው አይመስልም። እህቱ ከኋላ ደረሰች። ብርድ ልብስና ምሳ ዕቃ ይዛለች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ አስመዘገበች። ልጅቷ የራስ ምታት ክኒን እንደምትወስድ ተናገረች፤ መብራት ጠፍቶ መተኛት እንደማትወድ ተናገረች። ፖሊሱ ጻፈና ብዕሩን ወደ አግዳሚው ወንበር ቀሰረ።

«እሱም ዛሬ እዚሁ ነው የሚያድረው፤ መኪና ፈቃድ ለሌለው አሳልፎ በመስጠት። ለሱ ያመጣሽው የለም?»

«የለም።»

«ምንሽ ነው?»

እህቱ ዞራ አየችው። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኑን በቀጥታ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሾፌራችን ነበር» አለች፤ ነጠላዋንም ሰብስባ ወጣች።

ፖሊሱ እንዳለችው ጻፈው። ከዚያ መዝገቡን ወደ ሾፌሩ አዙሮ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቱ አሳየው። ሾፌሩ ተነስቶ ሄደ፤ የተጻፈውን አነበበው፤ ፈረመ።